ለሙያ የሚሰጥ ርዳታ፤ ምጽዋት ነው፣ ብድር ነው፣ ወይስ አደራ?

መስጠት መልካም ሥራ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ስለ መስጠት ያልሰበከ ሃይማኖት፣ ያልመከረ ሽማግሌ፣ ልጁን ያላስተማረ ወላጅ በአገራችን አይገኝም። ነገር ግን የሰጪው እጅ ከተዘረጋ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይቀራል፤ ይኸውም የተሰጠው ነገር ስሙ ማን ነው? የሚል ነው። ለተራበ ሰው እንጀራ ብንሰጠው ምጽዋት ይባላል። ለነጋዴ ገንዘብ ብንሰጠው ብድር ይባላል። አንድ ወጣት ሦስት ወር ወይም ስድስት ወር የልብስ ስፌት፣ የብየዳ፣ የእንጨት ሥራ ወይም የንብ ማነብ ሙያ ይማር ዘንድ ለትምህርቱ፣ ለቀለቡና ለቤት ኪራዩ የሚሰጠውስ ገንዘብ ምን ይባላል?

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ በአምባሰል ወረዳ የምትገኘውን ውጫሌን ያስታውስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ስለ ተጻፈ፣ ሁለት ትርጉም ያለው አንድ ወረቀት ወደ ዐድዋ ጦርነት ካደረሱት ምክንያቶች ዋነኛው ሆነ። እርግጥ የመንግሥታትን ውል ከአንድ ሠልጣኝ ቀለብ ጋር ማስተካከል አይቻልም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ሰጪ አንድ ነገር አስቦ ሲሰጥ፣ ተቀባይ ሌላ ነገር አስቦ ሲቀበል፣ በመካከላቸው የሚበቅለው ቅሬታ እንጂ ፍሬ አይደለም። ስለዚህ ስሙን አስቀድሞ መወሰን ተገቢ ነው።

ጥያቄውን በአየር ላይ እንዳናንሳፍፈው በአንድ አገር ላይ አቁመን እንመልከተው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያኽል የተጓዘ ሰው የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ሐይቅን ያገኛል። መንገዱን ይዞ ቢቀጥል በስመ ጥሩው የአምባሰል ተራራ ሥር ያልፋል። ከዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚህ አገር ነው። ነገር ግን የስም ክብር የእርሻ መሬት አያሰፋም። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል መሬቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ትምህርቱን ፈጽሞ ወይም አቋርጦ የተቀመጠው ወጣት ዐይኑን የሚጥለው በጎዳናው ላይ ነው። ያ ጎዳና ለብዙዎች በአፋር በረሓና በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚያደርስ ሆኖአል። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ ከወሎ የሄዱት ብዙዎች ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ደርሶ የሕዝብ ንብረትና የሕዝብ ተቋማት ሲጎዱ፣ ቀድሞም ጠባብ የነበረው የሥራ በር ይብስ ጠበበ።

በዚህ ጊዜ አጭር የሙያ ሥልጠና አንድ መፍትሔ ሆኖ ይቀርባል። መንግሥትም ይህን አምኖበት በልዩ ልዩ ስፍራ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን አቋቁሞአል። በደሴ ከተማ የሚገኘው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ በወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ስም የሚጠራ ነው። እኒህ ወይዘሮ የአምባሰል ገዥ የነበሩት የጃንጥራር አስፋው ባለቤት ነበሩና፣ ከአምባሰል ወደዚያ የሚወርድ ወጣት ወደ ባዕድ ቤት አይሄድም ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን የትምህርት ቤቱ በር ተከፍቶ ሳለ ብዙዎች በደጁ የሚቀሩበት ምክንያት የመማሪያው ክፍያ ብቻ አይደለም። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ልጅ በከተማ የሚያድርበት ቤት፣ የሚበላው እንጀራ፣ የሚሳፈርበት ገንዘብ ያስፈልገዋል። ከዚህም ሌላ በቀን ሥራ ያገኘው የነበረውና ቤተ ሰቡ የሚጠብቀው ጥቂት ገንዘብ ይቋረጣል። ስለዚህ ለአጭር ሥልጠና የሚሰጥ ርዳታ ሲመረመር፣ እጅ እስኪሠለጥን ሆድን የሚያቆይ ርዳታ ሆኖ ይገኛል።

ተማሪን መቀለብ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በሐይቅ ዳርቻ የሚገኘው፣ ቀድሞ ደሴት የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ምዕተ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ታላቅ የትምህርት ስፍራ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ከተማሩት አንዱ እንደ ነበሩ ገድላቸው ይነግረናል። ከዚያም ወዲህ በአገራችን የቆሎ ተማሪ በየደጁ ቆሞ ስለ ማርያም ስም ሲለምን፣ ባለቤቲቱ ከልጆቿ ምግብ ከፍላ ስትሰጠው ኖራለች። እስልምናም በወሎ በተስፋፋበት ዘመን እንደ ጀማ ንጉሥና እንደ ዳና ባሉ የታወቁ የትምህርት ስፍራዎች የተሰበሰቡትን ደረሳዎች ሕዝቡ ቀልቦአቸዋል። ሁለቱ ሃይማኖቶች በትምህርታቸው ቢለያዩም ተማሪን በመመገብ ግን አንድ ነበሩ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ያ ተማሪ የበላውን እንጀራ ቆጥሮ የጠየቀው ማንም አልነበረም። እንግዲህ ብድር አልነበረም። ነገር ግን ተማሪው ቀልዶ፣ ትምህርቱን ትቶ፣ ቆሎውን ብቻ ሲበላ ቢገኝ መምህሩ ይቀጣው፣ ሕዝቡም ያፍርበት ነበር። እንግዲህ እንዲያው የተጣለ ምጽዋትም አልነበረም። ተማሪው የተቀበለውን የሚከፍለው በሌላ ስፍራ፣ ለሌላ ሰው ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሐይቅ ወጥተው በኋላ በሸዋ ሲያስተምሩ፣ የሐይቅ ሰዎች ‹‹የኛን እንጀራ በልቶ ለሌላ አገር ሠራ›› ብለው ከሰሱ የሚል ነገር አልሰማንም። በሄዱበት ሁሉ የሐይቅ ስም ከስማቸው ጋር ተነሣ እንጂ።

ምናልባት አንባቢ ‹‹ያ ለመንፈሳዊ ትምህርት ነበር፤ ለብየዳና ለልብስ ስፌት እንዴት ይሆናል?›› ይለን ይሆናል። ይህ ተቃውሞ የድሮ በሽታችንን የሚያስታውስ ነው። አባቶቻችን መጽሐፍ ሲጽፉ ቆዳውን ፍቀው ብራና ያወጡ፣ ቀለሙን በጥብጠው፣ ብዕሩን ቀርጸው ይሠሩ ነበር፤ ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ይሁንና ለመጽሐፍ ቆዳ የፋቀው ሰው ሲከበር፣ ለጫማና ለመጫኛ ቆዳ የፋቀው ሰው ‹‹ፋቂ›› እየተባለ ይሰደብ ነበር። ቆዳው አንድ፣ ድካሙ አንድ፣ ክብሩ ግን ሁለት ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውንና የመሳሰለውን ባለሙያ በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ማዘዛቸው በሽታው ምን ያኽል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። አዋጁ ከወጣ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፎአል። ዛሬ ባለሙያን በአደባባይ የሚሰድብ ሰው ብዙ ባይሆንም፣ ልጁ በፈተና ሲወድቅ ብቻ ‹‹እንግዲህ ሙያ ይማር›› የሚል ወላጅ ግን አሁንም አለ። የእጅ ሙያን የወደቁት ሰዎች መጠጊያ አድርገን ከቆጠርነው፣ ለእርሱ የምንሰጠው ገንዘብም መጠኑ ቢበዛ እንኳ የንቀት ገንዘብ ይሆናል።

እንግዲህ ሦስቱን ስሞች በየተራ እንመርምራቸው።

መጀመሪያ ርዳታውን ምጽዋት ብንለው ምን ይሆናል? ምጽዋት ለቸገረው ሰው ቅዱስ ነገር ነው። ወሎ በ1966 ዓ.ም. አካባቢ እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰበት ረኀብ የሰው ልጅ ሕይወት ከጥቂት ቁና እህል ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ አይቶአል። በዚያ ሰዓት ‹‹ይህ ስሙ ምንድን ነው?›› እያለ የሚከራከር ሰው ቢኖር ሰውነቱን የረሳ ነው። ነገር ግን ምጽዋት ዛሬን ያሳልፋል እንጂ ነገን አይጠይቅም። ሥልጠና ደግሞ ሁለንተናው ስለ ነገ ነው። ሥልጠና በምጽዋት መንፈስ ሲሰጥ፣ ሠልጣኙ የሚመጣው ለሙያው ሳይሆን ለአበሉ ይሆናል፤ አንዱን ሥልጠና ጨርሶ ሌላውን ይመዘገባል፤ የምስክር ወረቀቱ ይበዛል፣ እጁ ግን ሳይሠራ ይቀራል። በዚህ ሠልጣኙን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ማንም ምንም እንደማይጠብቅበት የተረዳ ሰው ከራሱ ብዙ መጠበቁን ይተዋል። ከሰው ምንም አለመጠበቅ ርኅራኄ ቢመስልም ድብቅ ንቀት ነው።

ሁለተኛውን ስም ብድርን እንመልከት። ብድር ተቀባዩን እንደ ሙሉ ሰው ስለሚቆጥር ከምጽዋት ይልቅ ክብር አለው። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር መድቦ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድን ሲያቋቁም የመረጠው ይህን መንገድ ነበር። አሳቡም ተበዳሪው ሲመልስ ሌላው ይበደራል፣ ገንዘቡም ይዘዋወራል የሚል ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ብድር ሊሸከመው የሚችለው አስቀድሞ ሙያ ያለው ሰው ነው። ገና መርፌና ክር ያልያዘችን ልጅ ‹‹የተማርሽበትን ከነወለዱ ትመልሻለሽ›› ማለት ያልተዘራ እርሻ ላይ ግብር እንደ መጣል ያለ ነው። ይህ ዐይነቱ ብድር ድኾቹን አስፈርቶ ያስቀራል፤ ደፍረው የሚመጡት ቀድሞም ጥሪት ያላቸው ይሆናሉ። ስለዚህ ብድር ስፍራው ከሥልጠናው በኋላ፣ ለመኪናው፣ ለመበየጃው፣ ለቀፎው መግዣ ነው እንጂ በሥልጠናው ደጃፍ አይደለም።

እንግዲህ የቀረው ስም አደራ ነው። አደራ በአገራችን ከባድ ቃል ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን የራሱ አላደረገም፤ እንዳይጥለውም ታስሮአል፤ የሚያስረው ግን ኅሊናው ነው እንጂ ዋስና መያዣ አይደለም። ለሙያ የሚሰጥ ገንዘብ አደራ ነው ስንል፣ ሰጪውንም ተቀባዩንም ያስራል ማለታችን ነው። ብዙዎች የሚስቱትም በዚህ ነው፤ አደራው በተቀባዩ ጫንቃ ላይ ብቻ ያለ ይመስላቸዋል።

ተቀባዩን የሚያስረው ግልጥ ነው። የጀመረውን ሊፈጽም፣ የተማረውን በታማኝነት ሊሠራ፣ የጎረቤቱን በር ሲበይድ እንደ ራሱ በር አድርጎ ሊበይድ፣ የጎረቤቱን ልብስ ሲሰፋ ጨርቅ ሊሰርቅ አይገባውም። ከዚህም በላይ ሙያው ሲጸና ቢያንስ አንድ ሰው በአጠገቡ አስቀምጦ ሊያስተምር ይገባዋል። የአደራ አከፋፈል ይህ ነው፤ ገንዘብ በገንዘብ ሲከፈል ሂሳቡ ይዘጋል፣ ሙያ በሙያ ሲከፈል ግን አገር ይከፈታል።

ሰጪውን የሚያስረውስ ምንድን ነው? ይህን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ የአምባሰል ወጣት ዘመናዊ ንብ ማነብ ይማር ዘንድ ተረድቶ፣ ተመርቆ፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ቀበሌው ተመለሰ እንበል። ቀፎ ግን የለውም። ቀፎ ቢያገኝ የማር ማጣሪያ የለውም። ማሩንም ቢያወጣ ገዢ የሚያገናኘው የለም። ይህ ወጣት ከአንድ ዓመት በኋላ ንቡን ትቶ ወደ ጅቡቲ ሲሄድ አደራውን የበላው ማን ነው? በኛ አስተያየት ድልድዩን እስከ ወንዙ እኩሌታ ሠርቶ ‹‹ተሻገር›› ያለው ሰው ነው። እንደዚሁም በሐይቅ ለብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ አንድ ዐይነት ሙያ ብቻ ቢሰጥ፣ ከተማዪቱ የምትፈልገው የልብስ ሰፊ ቍጥር ውሱን ስለ ሆነ፣ ጓደኛሞች የነበሩት ገበያ እየተሻሙ ይጣላሉ። እንግዲህ የሚሰጠው ሙያ ለአገሩ የሚስማማ መሆኑን አስቀድሞ መርምሮ፣ ዓሣ አስጋሪ ለሐይቁ፣ ንብ አናቢ ለተራራው፣ ግንበኛ ለከተማው ብሎ ማሰብ የሰጪው ግዴታ ነው።

ማን ይመረጥ? የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ኅሊናን የሚፈትን ነው። መሥሪያ ቤት በወረቀት ይመርጣል፤ ወረቀት አድልዎን ለመቀነስ ይጠቅማል፣ ነገር ግን የሰውን ጓዳ አያይም። ጓዳውን የሚያውቅ ጎረቤት ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር፣ በሌላ አገር እድር እንደምንለው፣ ሞት ሲደርስ እህልና ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሬሳ ቀብሮ፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና ነው። በብዙ ስፍራ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ ይገናኛሉ። የማን ቤት ጭሱ እንደማይወጣ፣ የማን ልጅ ትጉ እንደ ሆነ ቅሬው ያውቃል። ይሁንና ይህ ዕውቀት ፍቅርም ቂምም ያለበት ነው። ዳኛው ለወንድሙ ልጅ ያደላ ይሆናል። ቅሬ የሌላት፣ ከሌላ አገር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ወይም ከስደት ባዶ እጁን ተመልሶ አፍሮ የተሸሸገ ወጣት ማን ያስታውሰዋል? ስለዚህ ቅሬው ይመስክር፣ መሥሪያ ቤቱ ይመዝግብ፤ የምርጫውም ምክንያት በአደባባይ ይነበብ። በአደባባይ ሊነበብ የማይችል ምርጫ አደራ ሊባል አይገባውም።

የአካባቢው ሕዝብ ከመመስከር አልፎ ሊያዋጣ ይችላልን? ስሌቱ ከባድ አይደለም። አንድ መቶ አባወራ ያለው ማኅበር እያንዳንዱ አባል በወር 30 ብር ቢያዋጣ በወር 3,000 ብር፣ በስድስት ወር 18,000 ብር ይሆናል። ይህ የአንድን ሠልጣኝ ችግር ሁሉ ባያስወግድ ከቀለቡ ብዙውን ክፍል ይሸከምለታል። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የተባለው ለዚህ ነው። ለቀብር የተሰበሰበው ገንዘብ ግን አይነካ፤ ለሕያዋን የሚሰጠው ከሙታን ክብር ተቀንሶ ሳይሆን በላዩ ተጨምሮ ይሁን። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ዘመን ወላጅ ያጡ ሕፃናትን የረዱ እድሮች፣ የቀብር ማኅበር ለሕያዋንም ሊቆም እንደሚችል አሳይተዋል። ይህን ስንል መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን በሕዝብ ጫንቃ ላይ መጣላችን አይደለም። መምህሩና ማሠልጠኛው የመንግሥት ዕዳ ነው፤ እንጀራውና ክትትሉ የጎረቤት ድርሻ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ከባድ ተቃውሞ ‹‹ካሠለጠንነው በኋላ ጥሎን ቢሄድስ?›› የሚል ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 ራሱ፣ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ደንግጎአል። እንግዲህ ሥልጠና ለመቅረትም ለመሄድም ይጠቅማል። አንዲት ልጅ በቅሬዋ ገንዘብ የምግብ ዝግጅት ተምራ ወደ ጂዳ ብትሄድ አደራ በላች እንበልን? እኛ አንልም። ሰውን በዋለለት ውለታ በአንድ ስፍራ ማሰር ርዳታን ገመድ ማድረግ ነው። ሙያ ይዞ፣ ሕግን ተከትሎ፣ መብቱን ዐውቆ የሄደ ሰው፣ በሌሊት በደላላ ተመርቶ በበረሓ ከሚጠፋው እጅግ ይሻላል። የሐይቅ ገዳምም ተማሪዎቹን አላሰረም።

ነገር ግን ይህ ጥያቄ እኛኑ መልሶ ይጠይቀናል። ብዙ ቤተ ሰብ ልጁን ለመላክ በሬ ይሸጣል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ የዕቁብ ዕጣ ያስቀድማል። እንግዲህ ገንዘቡ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። ለደላላው የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሙያ የማይሰበሰበው፣ ሰዎች በባሕር ማዶ ያለውን ዕድል ያህል በልጃቸው እጅ ስለማይታመኑ ነው። ይህ እምነት በስብከት አይመጣም፤ በመንደሩ ውስጥ ሙያ ተምሮ፣ ሱቁን ከፍቶ፣ እናቱን ሲጦር የሚታይ አንድ ልጅ ሲገኝ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በርዳታ የሠለጠነው የመጀመሪያው ወጣት እንዳይወድቅ መጠበቅ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ መጠበቅ ነው።

በመጨረሻ አንድ ቃል ለራሳችን፣ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለመምህራን እንናገራለን። በሪፖርታችን ‹‹ይህን ያኽል ወጣቶች ሠለጠኑ›› ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ቍጥሩም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የምስክር ወረቀት መስጠት የአደራው መጀመሪያ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሶ ‹‹ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ በሙያው የሚያድረው ስንቱ ነው? የቀረውስ ምን ጎደለው?›› ብሎ መጠየቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም የማያዘን ሥራ ነው። ያልታዘዝነውን ይህን ጥያቄ በየወረዳችን በቃልም በጽሑፍም ብናነሣው፣ ተማሪውም ሙያ ከዕውቀት ሁሉ የበታች እንዳልሆነ ከእኛ ቢሰማ፣ ለሙያ የሚሰጠው ገንዘብ እውነተኛ ስሙን ያገኛል። ተቀባዩ ሳያፍር ይቀበላል፤ ሰጪውም ሳይታበይ ይሰጣል።